በግራ በኩል ያሉት ሽማግሌ

«በግራ በኩል ያሉት ሽማግሌ ማን ናቸው?» ይላል ልብስ ተኳሹ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ያገኘው የመጀመሪያው አስተያየት። ከሱ ሥር ሌላው፣ «እኔም ልጠይቅ ስል ቀደምከኝ፤ እሳቸው ባይኖሩበት እስከ መጨረሻው የምሰማው አይመስለኝም» ብሏል። ራሱን «ሰባተኛ ፎቅ» እያለ የሚጠራ አንድ ሰው ደግሞ ምንም ሳይጽፍ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ለጥፎ አልፏል። ተኳሹ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሶ ሌላው ባዶውን እንደቀረ፣ ደግሞ አነበበው። ሙዚቃው ውስጥ ሽማግሌ የለም። ከበሮ አለ፣ ወፍራም ባስ አለ፣ ከላይ እንደ ፉጨት የሚሄድ ቀጭን ዜማ አለ፤ ሦስቱንም ከሥራ መልስ እዚችው ክፍል ውስጥ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር፣ ራሱ ነው የሠራቸው። ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር የተኛው። እንዲህ ላለው ስድብ ግን አልነበረም። የሱን ሥራ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር አምታተውት ይሆን? ወይስ «ሙዚቃህ አርጅቷል» ለማለት አዲስ ዘዴ አምጥተው ነው? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ወደ ሁለተኛው ሐሳብ አዘነበለ።

ግሩፑ እንደሱ ቤታቸው ቁጭ ብለው በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎች ስልክ ላይ የሚገናኙበት ነው። አንዱ የሠራውን ይለጥፋል፣ ሌላው ሰምቶ የመሰለውን ይላል፤ ፊት ለፊት የሚተዋወቅ የለም፣ የሚተዛዘንም የለም። ተኳሹ ከዚህ በፊት ሦስት ሥራ ለጥፏል። ሁለቱን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ሦስተኛው ላይ «ጥሬ ጨው» የሚባል ሰው አንድ ቃል ጻፈበት፤ «ይሮጣል» የምትል። ከበሮህ ይቸኩላል፣ ጊዜውን አይጠብቅም ማለቱ ነው። ተኳሹ ለዚች አንድ ቃል ገጽ ሙሉ መልስ ጻፈ፤ አንተ ማን ነህ፣ ምን ሠርተህ ታውቃለህ፣ የት ተምረህ መጣህ የሚል። ጥሬ ጨው አልመለሰለትም። አለመመለሱ ከቃሏ ይልቅ አቃጠለው። ዛሬ ደግሞ ከአስተያየቶቹ ሁሉ በታች የግሩፑ ኃላፊ ራሱ ብቅ ብሏል። «ወንድም፣ ይሄን ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ በትልልቁ ስፒከር ለሰው ልናሰማው ነው። እስከ ዛሬ ማታ እሺታህን ላክልኝ። አደራህን፣ ሽማግሌውን እንዳትነካቸው።»

ከፍቶ እንዳይሰማው ደግሞ ደህና መስሚያ የለውም። የስልኩ ስፒከር በላውንደሪው እንፋሎት ታፍኖ ታፍኖ፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ከማንኮራፋት በቀር ሌላ ድምፅ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሄድፎኑም ግራው ሞቷል። ገመዱን የወንበር እግር ረግጦት ነው የሞተው፤ ሙዚቃ ሙዚቃ ነው፣ በአንድ ጆሮም ይሰማል ብሎ በቀኙ ብቻ መሥራቱን ቀጠለ። ኮምፒውተሩ በፊት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩት። እነሱን ከቤት ያስወጣቸው በአባቱ የተነሳ ነው።

ክፍሉ ክፍል ይባላል እንጂ የአንድ ክፍል ግማሽ ነው። ሕመም የአባቱን ቀኝ ጎን መትቶ አልጋ ላይ ያዋላቸው ጊዜ፣ ታላቅ እህቱ አናጢ ጠርታ ሳሎኑን በቺፕውድ አስከፈለችው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ለአባቱ፣ በበሩ በኩል ያለው ለሱ ሆነ። መስኮቱ ለማን እንደደረሰ ልብ ሳይል አላለፈም። ወለሉ ግን አልተከፈለም፤ ያው የድሮው ጣውላ ነው፣ እዚህ የረገጡት እዚያ ይሰማል። አባቱ ጡረታ እስኪወጡ የማርሽ ባንድ ትልቁን ከበሮ ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው። «ጥሩምባ ነፊ ሲያምርለት ይመሰገናል፤ ከበሮ መቺ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው» ይሉ ነበር፤ የሳቸው ስም ተነስቶ አያውቅም። ልጃቸው ትንሽ ሆኖ ጣሳ ሲደበድብ የሰሙት ቀን፣ የባንድ ጓደኞቻቸው ቤቱን ሞልተው ተቀምጠው ሳለ፣ «ይሄ ልጅ ይሮጣል። ሯጭ ይወጣው ይሆናል እንጂ ከበሮ መቺ አይወጣውም» ብለው አሳቁበት። ሳቁ ዛሬም ጆሮው ውስጥ አለ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስንት ዘመን ቆይቶ፣ ኮምፒውተር ገዝቶ የመጀመሪያ ሥራውን የጨረሰ ዕለት፣ ቂሙን ዋጥ አድርጎ ስፒከሮቹን ወደ ሽማግሌው አልጋ አዞረና አሰማቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ከበሮውን ማን ነው የመታው?» አሉት። «ማሽኑ ነዋ አባባ፤ እኔ ቦታውን አሳየዋለሁ፣ እሱ ይመታል» አላቸው። «እንግዲያው ማሽኑን አመስግንልኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ በአባትና በልጅ መካከል ከ«እንደምን አደሩ»ና ከ«ይመስገን» በቀር ያለፈ ቃል የለም። ስፒከሮቹን ወስዶ ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሰጠና በለውጡ ማይክ ተቀበለ። ማይኩን ቤት አምጥቶ ሰካው፤ ኮምፒውተሩ ላይ መንካት ያለበትን ሁሉ ነካ፤ ተናገረበት፤ በሄድፎኑ ምንም የለም። ይዞት ተመለሰ። ሻጩ በራሱ ስፒከር ላይ ሰክቶ «አንድ፣ ሁለት» ቢልበት መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ። «ወንድሜ፣ ማይኩ ደህና ነው፤ ችግሩ ያንተ ጆሮ ጋ ነው» አለው፣ ሰው እየሰማ። ጆሮ የለህም መባል ለሱ የቤት ስድብ ነበር፤ አሁን ገበያ ወጣ። ዕቃውን መልሶ ወስዶ ቺፕውዱን ተደግፎ የቆመው መደርደሪያ ላይ እንደገና ሰካውና እንደተሰካ ተወው፤ ነቅሎ ለመጣል እንኳ ተናደደ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከበሮውን ማሽኑ አይመታለትም። አንዲት ቁልፍ ቢጫን ማሽኑ ምቱን ሁሉ ቀጥ አድርጎ ይደረድርለት ነበር፤ ያቺን ቁልፍ እንደ መርዝ ይሸሻታል። በእግሩ ጣውላውን እየረገጠ ጊዜ ይይዛል፣ እያንዳንዷን ምት በጣቱ የኮምፒውተሩን ፊደል እየመታ ያስገባል። ማን መታው ሲባል እኔ ለማለት ነው። የሚጠይቀው ግን አልነበረም።

ካልሲውን ለብሶ ጨርሶ ሲወጣ እህቱ የፊት መታጠቢያ ሳህን ይዛ ከአባቱ ክፍል ስትወጣ ተገናኙ። ሳሙናው ውኃው ላይ ነጭ ሆኖ ተንሳፍፏል። «ቁርስ?» አለችው፤ «ረፍዶብኛል» አላት። በበሩ በኩል አንገቱን አስግጎ «እንደምን አደሩ» አለ። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ወደ መስኮቱ ያያሉ፤ የተላጨው ጉንጫቸው ገና እርጥብ ነው። «ይመስገን» አሉ። ወጣ።

ላውንደሪው ከፊት መስታወት፣ ከኋላ እንፋሎት ነው። መስታወቱ ጋ ተቀባይዋ ተቀምጣ ልብስ ትቆጥራለች፤ ከጀርባዋ የዋጋው ዝርዝር ተለጥፏል፤ ሸሚዝ ርካሽ ነው፣ ኮት የተኳሹን ምሳ ያስከነዳል፣ የሙሽራ ልብስ «በስምምነት» ይላል። ከሥሩ በቀይ «ለሚጠፋ ቁልፍ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል አለ። ተኳሹ ከመጋረጃው ጀርባ የሆቴል ጠረጴዛ ልብስ ተቆልሎ ጠበቀው። የእንፋሎቱን ካውያ አንስቶ ሲያወርድ፣ ሲያነሳ ሲያወርድ፣ አእምሮው ግን እዚያው ጠዋት ያነበበው ላይ ነበር። ረፋዱ ላይ አንድ ደንበኛ ሱሪ ይዞ መጥቶ፣ «ይሄን የተኮሰው ሰውዬ ዓይን የለውም እንዴ? እግሩ ላይ ሁለት መስመር አውጥቶለታል» ብሎ ጮኸ፤ መጋረጃው የድንጋይ ግንብ ይመስል። ባለቤትየው «ይቅርታ ጌታዬ፣ በነፃ ይደገምልዎታል» አለ። ተኳሹ ሱሪውን ተቀብሎ አየው፤ ሁለተኛውን መስመር ያወጣው ሰውየው ራሱ አጥፎ ሲቀመጥበት ነው። መስመሩን በካውያ ረግጦ አጠፋው። አንዱ ጆሮ የለህም ይለዋል፣ አንዱ ዓይን የለህም፤ እንዲህ እየተቀነሰለት ሄዶ ምን ሊተርፈው እንደሆነ እንጃ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተቀባይዋ ዳቦዋን ይዛ ወደ ኋላ መጣችና የልብስ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃ እንደሚሠራ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ «ዲጄ» ነው የምትለው፤ በክፋት አይደለም፣ ግን ሰው ፊትም ትለዋለች።

«ዲጄ፣ ዛሬ ፊትህ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል።»

«ኤርፎንሽን አውሺኝ።»

«የጆሮዬን ዕቃ? ለአንተ?» ሳቀች። «ምን ልትሰማበት ነው?»

«የራሴን ሥራ። ሽማግሌ አለበት ይሉኛል፤ እኔ ሽማግሌ አላስገባሁም።»

«ካልክማ እኔም ልስማ፤ ከመቼ ጀምረህ ነው አሰማሻለሁ እያልክ ቃል የምትገባልኝ። በል፣ አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ።»

ገመዱ አጭር ስለነበረ ጭንቅላታቸውን አቀራርበው ተቀመጡ። ለሱ የደረሰው ቀኙ ነው። ከበሮው ገባ፣ ባሱ ተከተለ፣ ፉጨቱ መጣ፤ ልክ እንደሚያውቀው፣ ሽማግሌ የለም፣ ማንም የለም። እንዲያውም ጥሩ ሥራ መሰለው፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ነው በሽማግሌ የሚያላግጡበት ብሎ ሊነሳ ሲል ተቀባይዋን አያት። ዳቦዋ አፏ አጠገብ ቆሟል። ማኘክ አቁማለች። የምትቀልድ ሴት ፊት አልነበረም።

«እኚህ ሰውዬ አባትህ ናቸው?»

«የትኛው ሰውዬ?»

የራሷን ከጆሮዋ አውጥታ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው። «ከመጀመሪያው ስማው» አለችና ዳቦዋን ወረቀቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

በግራው መጀመሪያ የተሰማው ማንኪያ ሳህን ሲነካ ነው። ቀጥሎ የእህቱ ድምፅ፣ «አንዴ ብቻ ይጨምሩ አባባ» ይላል። ከዚያ ሽማግሌው። ከሕመሙ ወዲህ ምላሳቸው ከብዷል፤ ቃሉ እንደ ከባድ ዕቃ እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«ቆይ… እግሩን ልስማ።»

ትንሽ ዝምታ። በቀኝ በኩል ከበሮው ገባ።

«ጀመረ» አሉ።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል።»

«ሮጠ… አየሽ፣ ሮጠ። ቀስ… ቀስ በል ልጄ።»

«ማሽን ነው ሲሉ አልነበር?»

«ማሽን አይሮጥም። ይሄ እሱ ነው። በጣቱ ነው የሚመታው፣ ይሰማኛል።» ረጅም ዝምታ ሆነ፤ በመሃሉ የጣውላው ኮቴ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። «ያዘው… አሁን ያዘው። እንዲህ ነው።»

«ታዲያ ጠርተው አይነግሩትም?»

«በምን አፌ? ማሽኑን አመስግንልኝ ያልኩበት አፍ እኮ ነው።»

ማንኪያው እንደገና ሳህን ነካ። እህቱ «አፍዎን ልጥረግልዎት» አለች። ሙዚቃው አለቀ።

ተኳሹ ኤርፎኑን አወጣ። አሁን ገባው። ማይኩ ደህና ነበር፤ የሚሰማው ግን በግራ በኩል ብቻ ነው፣ የሱ ሄድፎን ደግሞ ግራው የለም። አይሠራም ብሎ መደርደሪያው ላይ የተወው ዕቃ፣ እሱ በሠራ ቁጥር አብሮ እየሠራ፣ የቺፕውዱን ማዶ ሲቀዳ ከርሟል፤ በፊት የለጠፋቸው ላይ ሽማግሌው ዝም ብለው ይሆናል፣ እዚህኛው ላይ ግን ተናገሩ። ሰዎቹ ሁሉ ሰምተውታል፤ ሰባተኛ ፎቅም የግሩፑ ኃላፊም ሰምተውታል፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኼ ነው። «ልጄ» የምትለዋን ቃል ከአባቱ አፍ መቼ እንደሰማት ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

«ታድለህ» አለችው ተቀባይዋ፣ ቀስ ብላ።

ይቺ ቃል እንደ ትኩስ ካውያ ነካችው። የት ላይ ነው የታደለው? ኤርፎኑን ሊመልስላት ሲል፣ «ያዘው፣ ነገ ታመጣልኛለህ፤ ብቻ ጠርገህ አምጣ» ብላ ወደ መስታወቱ ሄደች። ከሰዓቱን ሙሉ ካውያውን እያነሳ እያወረደ በሆዱ ሲሟገት ዋለ። ዕድሜውን ሙሉ ከሰው የጠበቀው ምስጋና በግሩፑ መጣ፤ አድራሻው ግን የሱ አልነበረም፤ ቺፕውዱን ተሻግሮ በመስኮቱ በኩል ላሉት ደረሰ። ሳይነሱ፣ ሳይለፉ፣ ሾርባ እየጠጡ። ሰውየው አንድ ቃል ለልጃቸው ለመናገር አፍ አጥተው ለማያውቁት ሰው ሁሉ ተናገሩ። እዚህ ሲደርስ ቁጣው ይነድና፣ «በምን አፌ» የምትለዋ ትመጣበትና መልሳ ታበርደዋለች፤ በርዶ እንዳይቀር ደግሞ የጓደኞቻቸው ሳቅ ይመጣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሆነበት። ካውያውን አሳርፎ ከላውንደሪው ሲወጣ ግን ቆርጦ ነበር፤ ቤት ሄዶ የሽማግሌውን ድምፅ ያጠፋዋል፣ ሙዚቃውን ብቻ መልሶ ይልካል። ከፈለጉ እሱን ይፈልጉት፤ አዳራሽ ከገባም የሱ ሥራ ብቻውን ይግባ።

እህቱ ወጥ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። የልብስ ስፌት መኪናዋ ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ አባታቸው ከወደቁ ወዲህ አልተገለጠም። በሩን ተደግፎ ቆሞ ነገራት፤ ማይኩን፣ ግሩፑን፣ ቅዳሜን። ቢላዋዋ ቆመ።

«ሰው ሁሉ ሰማው?»

«ሰሙት።»

«ሲበሉ?»

«ማንኪያው ሳይቀር ይሰማል።»

«አፋቸውን ስጠርግ?»

አዎ በሚል አንገቱን ነቀነቀ። እህቱ ድንቹን ውኃ ውስጥ ጣለችው። «ጎረቤት እንኳ ሲበሉ እንዳያያቸው በር ዝጊ የሚሉኝ ሰው ናቸው እኮ» አለች፣ ለሱ ሳይሆን ለድንቹ የምትነግር ይመስል።

«እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«የሚሉትን። ማታ ማታ።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ሥር ደክሟል። «እኔ የሁለታችሁ ስልክ ነኝ? እሳቸው እግሩን ይሰማሉ፣ አንተ ጆሮህን ደፍነህ ትቀመጣለህ፤ እኔ በመሃል ሾርባ እይዛለሁ። በመካከላችሁ ያለው ቺፕውድ ነው አንተ ሰው። ግንብ ያሠራሁ አስመሰላችሁት።» ድንቿን አነሳች። «እንግዲህ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ። ከመላክህ በፊት ግን የሰውየውን ድምፅ ሰውየውን ጠይቅ።»

ክፍሉ ገብቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የተቀባይዋን ኤርፎን ሰካ። ስክሪኑን ወደ ታች፣ ወደ ታች ሲገፋው፣ ከሥራዎቹ ሁሉ በታች፣ ከዓይን ውጪ፣ ያቺ የማይኩ መስመር ተጋድማ አገኛት፤ ድምፅ ባለበት ወፈር፣ ዝም ባሉበት ቀጠን ትላለች። ድምፅ እንዳታወጣ አፏን ዘጋትና የቀረውን በሁለት ጆሮው ሰማ። ተቀባይዋ አጠገብ ሆኖ ጥሩ የመሰለው ሥራ ራቁቱን ቀረ። ከበሮው ሰው የሚያባርረው ይመስል ይበራል፤ ባሱ ሊደርስበት ይንደፋደፋል። ጥሬ ጨው እውነቱን ነበር። ለካ ሙዚቃውን ሰሚ እንዲታገሰው ያደረገው፣ በሮጠ ቁጥር አንድ ሰው ቀስ በል ስለሚለው ነው። ጣቱ ማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ አረፈ። ቢጫናት ድምፁ የለም፤ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ መናገርም አይኖርበትም። ባይጫናት ደግሞ ቺፕውዱን ዞሮ፣ በሩን አልፎ፣ ከ«እንደምን አደሩ» የረዘመ ነገር መናገር አለበት። ኤርፎኑን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካና ተነሳ።

የአባቱ ክፍል በምሽት ብርሃን ደብዝዟል። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ የእህቱን ሹራብ አንስቶ፣ የት እንደሚያደርገው ስላጣ፣ እንደያዘው ቆመ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት ነበር።»

ሽማግሌው ከመስኮቱ ዞሩ። በደህናው በግራ እጃቸው ወንበሩን አሳዩት። ተቀምጦ የቀኙን ኤርፎን ጆሯቸው ውስጥ ከተተላቸው፤ የጆሯቸው ጫፍ ቀዝቃዛ ነበር። ግራውን ራሱ አደረገ። ከፈተው። ለሳቸው ከበሮው ገባ፤ ለሱ ማንኪያው ሳህን ነካ። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋው የግራ እጅ ጣት ተነሳና ይመታ ጀመር። የጦር ሰልፍ ያህል ሰው በዚያ እጅ እግሩን ሲያነሳ ሲጥል ኖሯል፤ አሁን ብርድ ልብስ ይመታል። ትንሽ እንደሄደ ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ይሮጣል» አሉ ሽማግሌው።

«ቀስ… ቀስ በል ልጄ» አለው ድምፃቸው በግራ ጆሮው።

አንገቱን ደፋ። ሙዚቃው እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲያልቅ አባቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ያኛውስ? ያንተኛው ምን ይላል?»

ያው ነው ብሎ ሊዋሽ ይችል ነበር። አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገውና አደረገላቸው፤ ከመጀመሪያው ከፈተላቸው። የሚሰሙት ለሱ አይሰማውም ነበር፤ ፊታቸው ላይ ግን ተከታተለው። ደህናው ግማሽ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ደነገጠ፤ የታመመው ግማሽ እንዳለ ቆየ። «በምን አፌ» የሚሉት ጋ ሲደርሱ መሆን አለበት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እህቱ የሾርባውን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ አልገባችም።

«ማይኩ ነው፣ ሳላውቅ» አለ። «ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ለሰው ሊያሰሙት ይፈልጋሉ። እስከ ማታ መልስ ይጠብቃሉ። እርስዎ ካልፈቀዱ…»

ሽማግሌው ኤርፎኖቹን አንድ በአንድ በግራ እጃቸው አወጡ። ጊዜ ወሰደባቸው፤ አላገዛቸውም።

«ይሄ ሽማግሌ ብዙ ያወራል» አሉ። «አውጣው። ሽማግሌ ሾርባ ሲጠጣ አዳራሽ አይጠራም።»

«እሺ አባባ።»

«ከበሮውን… አንተ ነህ የመታኸው?»

«በጣቴ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሎት ጠበቀ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ የመስኮቱ መስታወት ግን ጨልሞ ስለነበር የሚታያቸው እሱ ራሱ ነው፣ የእህቱን ሹራብ ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ ለግሩፑ ኃላፊ «ሽማግሌው አልፈቀዱም። ሙዚቃውን ብቻ ልላክ?» ብሎ ጻፈ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ያለ እሳቸውማ ምን አለው?» በሌላ ቀን ቢሆን ገጽ ይሞላ ነበር። ለጥሬ ጨው ከጻፈው የሚበልጥ ስድብ ጣቱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። የለጠፈውን ሥራ ከግሩፑ ላይ አነሳው፤ አስተያየቶቹም፣ የሚያለቅሰው ፊትም አብረው ሄዱ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ ይሰማል።

ከዚያ የማይኩን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለውና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሄድፎኑን አንስቶ ሊያደርገው ሲል ተወው፤ ዛሬ ባዶ ጆሮውን ተቀመጠ። ማዶ ማንኪያው ሳህን ሲነካ ተሰማ፤ ይሄ ሁሉ ጊዜ ይህን ያህል ቅርብ እንደነበር አላወቀም። እግሩን ጣውላው ላይ አሳረፈ። አንድ ጊዜ ረገጠ፣ ደገመ፣ ጣቱን ፊደሉ ላይ አድርጎ ገባ። ከኮምፒውተሩ ድምፅ አልወጣም፤ የሚሰማው የእግሩ ኮቴና የጣቱ ምት ብቻ ነው። ማዶ ማንኪያው ቆመ። እህቱ አልተናገረችም። ጥቂት እንደሄደ ልቡ ቀደመው፣ እግሩም ልቡን ተከተለ፤ እሱ ራሱ ሳያውቀው።

«ሮጥክ» አለ ድምፁ ከቺፕውዱ ማዶ። ለእህቱ አልነበረም።

እግሩን አነሳ። ቆየት አለ። ከመጀመሪያው ጀመረ።